«ወደነበረበት መልስ» ማለት ወዴት ነው? ስለ ውሂብ ጎታ መጠባበቂያ ቃላት የቀረበ ሂስ

አንድ የሙያ ቃል መልካም መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቃሉን ከሥሩ፣ ከእርባታውና ከድምፁ አንጻር መመልከት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቃሉን በሥራ ላይ ካለ ባለሙያ ፊት አስቀምጦ፣ ባለሙያው ቃሉ ያለውን አምኖ ቢፈጽም ሥራው ይቃናል ወይስ ይበላሻል ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ቃላት አሰያየም በሚደረጉ ክርክሮች የመጀመሪያው መንገድ ሰፊ ቦታ ሲይዝ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሂስ በሁለተኛው መንገድ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ የተመረጠውም መስክ የኮምፒውተር ውሂብ ጎታን ቅጅ ወስዶ የማስቀመጥና ጎታው ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ከቅጅው መልሶ የማቋቋም ሥራ ነው፤ በተለይም የጎታው ሰንጠረዦች በክፋዮች የተከፋፈሉ ሲሆኑ የሚያጋጥመው መሰናክል ነው።

መስኩ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የደመወዝ መዝገብ፣ የይዞታ መዝገብ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የሕሙማን ካርድ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ከወረቀት ወደ ውሂብ ጎታ ተዛውሯል፤ በመዛወር ላይም ነው። ወረቀት ሲቃጠል ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ጎታ ሲጠፋ ግን የሚታይ ነገር የለም፤ ያለው በመስኮቱ ላይ የሚነበብ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያ ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዲት ቃል ከተዛነፈች፣ ሌሊት ተጠርቶ የመጣው ሠራተኛ የሚሄደው ቃሏ ወደ መራችው አቅጣጫ ነው።

በቅድሚያ የነገሩን አካሄድ ባጭሩ እናስረዳ። «ውሂብ» ከግእዙ «ወሀበ» የወጣ ሲሆን «ጎታ» ከገበሬው ቤት የተወሰደ ነው። ጥምረቱ ለጆሮ እንግዳ ይምሰል እንጂ ለሥራው የተስማማ ነው፤ ጎታ እህል የሚከተትበት ዕቃ እንጂ እህሉ ራሱ አይደለምና። «የመረጃ ቋት» የሚሉም አሉ፤ ይሁንና ቋት ከወፍጮ የሚወርደውን ዱቄት የሚቀበል ስለሆነ፣ ገና ያልተፈጨውን ለማስቀመጥ ጎታ ሳይሻል አይቀርም። «ሰንጠረዥ» ደግሞ የጥንቱ የመኳንንት ጨዋታ ስም እንደሆነ ይታወቃል፤ ገበታው በመስመር የተከፋፈለ በመሆኑ በረድፍና በዓምድ ለተደረደረ ዝርዝር መጠሪያ ሊሆን ችሏል። በእነዚህ በሦስቱ ላይ የምናነሣው ተቃውሞ የለም።

አንድ ሰንጠረዥ እጅግ ሲገዝፍ በስም አንድ፣ በአካል ብዙ እንዲሆን ይደረጋል። ለምሳሌ ያህል የክፍያዎች ሰንጠረዥ በየወሩ ይከፈልና የእያንዳንዱ ወር ረድፎች በየራሳቸው ማኅደር ይቀመጣሉ። ፖስትግሬስ የተባለው በሰፊው የሚሠራበት የውሂብ ጎታ ሥርዓት ይህን አሠራር በግልጽ ትእዛዝ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ እትሙ ሲሆን፣ በ2018 በወጣው 11ኛ እትም ደግሞ ሐሽ በተባለው ስሌት መከፋፈልና ሌላ ማረፊያ ያጡትን ረድፎች የሚቀበል ክፋይ ተጨምረውበታል። ስለዚህ አከፋፈሉ ሦስት ዓይነት ነው፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ እዚያ ቀን ድረስ በማለት በወሰን፣ እነዚህና እነዚህ በማለት በዝርዝር፣ ወይም ከረድፉ ቁልፍ በሚሰላ ቁጥር በሐሽ። «ሐሽ»ን እንዳለ ተቀብለነዋል። ስሌቱ በአገራችን ሥራ ውስጥ አምሳያ የሌለው በመሆኑ ለእርሱ የግእዝ ሥር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ከሁሉም በላይ ሆኖ የሚጠራው ሰንጠረዥ ራሱ አንድም ረድፍ አይዝም፤ ረድፎቹ ያሉት በክፋዮቹ ውስጥ ነው። ይህን ባዶ ግን አስተዳዳሪ የሆነ ሰንጠረዥ «እናት ሰንጠረዥ» ብንለው «እናት መሥሪያ ቤት» ወይም «እናት ክፍል» ብሎ የለመደ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። «ዋና ሰንጠረዥ» የሚለው አጠራር ግን አሳሳች ነው። ዋናው እዚህ አለ ከተባለ ዋናውን ገልብጦ መሄድ ይበቃል ያሰኛልና። እንዲህ ያሰበ ሰው የሚገጥመው ነገር የታወቀ ነው፤ ፒጂ-ደምፕ የተባለውን የፖስትግሬስ መገልበጫ የእናቲቱን ስም ብቻ ሰጥቶ ቢያዘው ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ተቃውሞ የእናቲቱን አወቃቀር ጽፎ ይጨርሳል፤ በውስጡ ግን አንድም ረድፍ የለም። እናቲቱን ከነልጆቿ በአንድ ትእዛዝ ለመገልበጥ የሚያስችል አማራጭ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 16ኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት ባሉት እትሞች የክፋዮቹን ስሞች መጥራት ወይም በስም አምሳያ ማካተት ግድ ነበር።

«ክፋይ» የሚለው ቃል ራሱ ጥቂት መመርመር ይገባዋል። በቋንቋው ውስጥ «ክፋይ»፣ «ክፍል»፣ «ክፍልፋይ»፣ «ክፍልፍል» የተባሉ የአንድ ሥር ልጆች አሉ። «ክፍል» ለመማሪያ ቤትና ለመሥሪያ ቤት ዘርፍ ተይዟል፤ «ክፍልፋይ» በሒሳብ ትምህርት ከሙሉ ቁጥር በታች ላለው ተሰጥቷል። «ክፋይ» ነጻ ይመስላል፤ ነገር ግን ይኸው ቃል የማስቀመጫ ዲስክ ሲከፈል ለሚገኘው አካልም ይነገራል፤ አንዱ የዕቃ ክፍፍል፣ ሌላው የሰንጠረዥ ክፍፍል ነው። «ክፋዩ ሞልቷል» የሚል መልእክት ያነበበ ሠራተኛ የትኛው እንደ ሞላ ሊያውቅ አይችልም፤ ዲስክ ይሞላል፣ የሰንጠረዥ ክፋይ ግን በዚህ ትርጉም አይሞላም። መሬትን በቁራጭ መመደብ «መሸንሸን» ስለሚባል «ሽንሽን» የሚለውን ለሰንጠረዡ መስጠት ይቻል ነበር፤ ቃሉ ሕያው ነው፣ ባለይዞታና ወሰን ያለውን ቁራጭ ያሳያል። ሆኖም የልብስ ሽንሽንም ስላለና «ክፋይ» ሥር እየሰደደ ስለሆነ፣ የእኛ አስተያየት «የሰንጠረዥ ክፋይ» እና «የዲስክ ክፋይ» እየተባለ በሙሉ ስም ይጠራ የሚል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በስልኮችና በኮምፒውተሮች የአማርኛ መስኮቶች ላይ ለመጠባበቂያ ቅጅ የተሰጠው ስም «ምትኬ» ነው። ቃሉ አጭር ነው፣ ለጆሮ ይጥማል፣ ማንም ያውቀዋል። ከሚያውቀውም አንዱ ምክንያት የሰው ስም በመሆኑ ነው። ምትኬ፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ ካሳሁን የሚባሉት ስሞች ልጅ ወይም ሌላ ዘመድ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ሕፃን የሚወጡ ናቸው፤ የሄደውን ተካልን ለማለት ነው። ልብ እንበል፤ በዚህ ልማድ መጀመሪያ ጥፋቱ ይመጣል፣ ምትኩ ይከተላል። የውሂብ ጎታ ቅጅ ግን ጥፋቱ ሳይደርስ አስቀድሞ ካልተወሰደ ቅጅ አይደለም። ቃሉ የጊዜውን ቅደም ተከተል ገልብጦታል።

ሰዋስዋዊው ችግር ደግሞ ከዚህ ያነሰ አይደለም። «ምትክ» ላይ የተጨመረው የመጨረሻው ድምፅ የእኔነት ምልክት ነው፤ ስለዚህ «ምትኬ» ማለት «የእኔ ምትክ» ነው። በመስኮት ላይ «ምትኬዎን ያስቀምጡ» ሲባል፣ በአንድ ቃል ላይ ሁለት ባለቤት ተሰፍቷል። የቃሉ ተከራካሪዎች ስሙ ደርቆ ተራ ስም ሆኗል፣ ማንም የእኔነቱን አይሰማውም ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ በስልክ መስኮት ላይ ያለውን ለመንቀልም አሁን ጊዜው አልፏል። ለባለሙያ በሚጻፍ መመሪያ ግን «መጠባበቂያ ቅጅ» ብንል ምንም አይጐድለንም። «መጠባበቂያ በጀት»፣ «መጠባበቂያ እህል» የሚለውን የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የለም፤ ሁለቱም ከችግር በፊት ተለይተው የሚቀመጡ ናቸው። የጎታውን ምሳሌ ከቀጠልነው፣ ገበሬ ለዘር የሚያስቀምጠውን የሚለየው አዝመራው በእጁ ሳለ ነው።

ከ«ምትኬ» ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ጓደኛው «ወደነበረበት መልስ» ነው። ለስልክ ፎቶግራፍና ለስልክ ቁጥር ቃሉ በቂ ነው። ለተከፋፈለ ሰንጠረዥ ግን ቃሉ ግልጽ ከመሆን አልፎ ስሕተትን ያዝዛል፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ከሚያጋጥሙት መሰናክሎች ዋነኛው ረድፉን በትክክል ወደነበረበት ለመመለስ ከመሞከር የሚመጣ ነው። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል።

አንድ የክፍያ ሰንጠረዥ «የተከፈለ»፣ «ያልተከፈለ»፣ «የተሰረዘ» የሚሉ እሴቶች ባሉት የተቈጠረ ዓይነት ዓምድ በሐሽ ተከፋፍሏል እንበል። ሥርዓቱ እነዚህን ቃላት በውስጡ የሚያውቃቸው በፊደላቸው አይደለም፤ ዓይነቱ ሲፈጠር ለእያንዳንዳቸው በሰጣቸው መለያ ቁጥር ነው። ሐሹም የሚሰላው ከዚሁ ቁጥር ነው። ቅጅው ተወስዶ በአዲስ አገልጋይ ላይ ሲጫን ዓይነቱ እንደገና ይፈጠራል፤ እሴቶቹም ሌላ መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ ሐሹ ይለወጣል። ትናንት በሁለተኛው ክፋይ የነበረው «የተከፈለ» ዛሬ የሚገባው በአራተኛው ሊሆን ይችላል። ፒጂ-ደምፕ ግን በልማዱ የሚጽፈው «እነዚህን ረድፎች ሁለተኛው ክፋይ ውስጥ ክተት» እያለ ነው። አገልጋዩ ሲመረምር ረድፎቹ የክፋዩን ገደብ አያሟሉምና ይመልሳቸዋል። ቅጅው ጤነኛ ነው፣ ረድፎቹም አልጐደሉም፤ ያልተቃናው ወደነበሩበት መላካቸው ነው።

መፍትሔው ረድፎቹን ወደነበሩበት አለመላክ ነው። ፒጂ-ደምፕ ከ11ኛው እትም ጀምሮ ረድፎቹ በቀጥታ ወደ ክፋዩ ሳይሄዱ በእናት ሰንጠረዧ በኩል እንዲጫኑ የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ እናቲቱ እያንዳንዱን ረድፍ በአዲሱ ስሌት መዝና የሚገባውን ክፋይ ትመድብለታለች። በተቈጠረ ዓይነት ለሚደረግ የሐሽ ክፍፍል ያለዚህ አማራጭ የመሳካት ዕድል እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጡት እትሞች ፕሮግራሙ ለእንደዚህ ያሉ ሰንጠረዦች አማራጩን ራሱ እንዲጠቀም ተደርጓል። አማራጩ የራሱ ዋጋ አለው፤ አጫጫኑ ይዘገያል፣ ብዙ ሠራተኛ ሂደቶች በአንድ ጊዜ ሲጭኑም የትኛው ክፋይ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ስለማይታወቅ እርስ በርስ ሊጠላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተወሰደውን ቅጅ ሥራውን ሳይከፋፍሉ በአንድ መስመር መጫን ይመከራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ወደነበረበት መልስ» የሚል ርእስ በመመሪያው ራስ ላይ ሰፍሮ፣ በሥሩ ደግሞ «ወደነበሩበት እንዳይላኩ ተጠንቀቅ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አንባቢ ይመዝነው። የእኛ ሐሳብ ለጠቅላላው ሥራ «መልሶ ማቋቋም» ይባል የሚል ነው። ቋንቋው ከስፍራው ለተፈናቀለ ሕዝብ ይህን ቃል ሲጠቀምበት ኖሯል፤ መልሶ የተቋቋመ ሰው ደግሞ የግድ በቀድሞው ቤቱ አይደለም፤ የኑሮው መቀጠል ነው ቁም ነገሩ። እናቲቱ ለረድፎቹ ክፋይ የምትሰጥበትን ተግባር «ምደባ» ብንለው፣ ረድፎቹ እንደገና «ይመደባሉ» ማለት ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ይገባል።

ይሁንና «ወደነበረበት መመለስ» ከነጭራሹ ይጣል አንልም። ሁለት ዓይነት ቅጅ አለ። አንደኛው የጎታውን ማኅደሮች ከዲስኩ ላይ እንዳሉ፣ ከነመለያ ቁጥራቸው የሚገለብጥ ነው፤ ይህ በተመሳሳይ ሥርዓት ላይ ሲመለስ እያንዳንዱ ነገር በእርግጥ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ከላይ ያየነው የሐሽ ችግርም አይነሣም። ሁለተኛው ፒጂ-ደምፕ የሚጽፈው፣ ጎታውን እንደገና ለመገንባት የሚያስችሉ ትእዛዞችና ረድፎች ስብስብ ነው። የመጀመሪያውን «አካላዊ ቅጅ» ብለን «ወደነበረበት መመለስ»ን ለእርሱ ብንተውለት፣ ሁለተኛውን ደግሞ «ይዘታዊ ቅጅ» ብለን «መልሶ ማቋቋም»ን ብንሰጠው፣ ቃላቱ ራሳቸው ሠራተኛውን ሊጠብቀው የሚገባውን ያስተምሩታል። ለሁለተኛው «አመክንዮአዊ ቅጅ» የሚል አጠራር አለ፤ ይህ የውጭውን ቃል በቀጥታ ከመመለስ የመጣ ነው፤ ቅጅው ግን ስለ አመክንዮ የሚለው ነገር የለውም።

ስለ ፊደል ቅደም ተከተል የሚነሣው ነገር ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ይበልጥ ቅርብ ነው። ሰንጠረዥ በስም ወይም በሌላ ጽሑፍ በወሰን ሲከፋፈል ወሰኑን የሚወስነው የፊደላቱ ተራ ነው። ተራውም በሥርዓቱ ይለያያል። ጂሊብሲ የተባለው በሊኑክስ ላይ ለብዙ ፕሮግራሞች መሠረት የሆነ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.28 እትሙ የአደራደር ደንቡን በሰፊው በመለወጡ፣ በእንግሊዝኛው አደራደር «11» ከ«1-1» ይቀድም የነበረው ተገልብጦ «1-1» ከ«11» የሚቀድም ሆኗል። በአሮጌው ላይ የተወሰደ ይዘታዊ ቅጅ በአዲሱ ላይ በየክፋዩ ቢጫን፣ በወሰን አቅራቢያ ያሉት ረድፎች ከድንበር ማዶ ሆነው ይገኛሉ፤ አሁንም በእናቲቱ በኩል መጫን መፍትሔ ነው።

የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን የተደረደረውም በሀለሐመ ተራ ነው። በዚህ ተራ በ«አ» እና በ«ዐ» መካከል «ከ»፣ «ኸ» እና «ወ» አሉ። አንድ የስም ሰንጠረዥ «ከ» ላይ ወሰን ቢኖረው «አለሙ» ከወሰኑ በፊት፣ «ዓለሙ» ከወሰኑ በኋላ ይውላሉ፤ አጠራራቸው አንድ፣ ክፋያቸው ሁለት ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ በሚለው የቆየ ክርክር ውስጥ አሁን አንገባም። ነገር ግን የፊደል ጥራት የሚወድ አንድ ሰው በቅጅው ማኅደር ውስጥ ያለውን «ዓ» ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ «አ» ለውጦ መልሶ ማቋቋም ቢጀምር፣ እነዚያ ረድፎች በቀድሞው ክፋያቸው ደጃፍ ላይ ይመለሳሉ። የስም አጻጻፍ የሚቃናው ጎታው በሥራ ላይ ሳለ፣ በእናት ሰንጠረዧ በኩል ነው፤ ከ11ኛው እትም ወዲህ ቁልፉ የተለወጠ ረድፍ ራሱ ወደሚገባው ክፋይ ይዛወራልና።

«እስከ» ስለሚለው ትንሽ ቃል ደግሞ ብዙ ሊባል ይገባል። በፖስትግሬስ የወሰን ክፍፍል መነሻው ይካተታል፣ መድረሻው ግን አይካተትም። የጃንዋሪ 2024 ክፋይ የሚጻፈው ከጃንዋሪ 1 ተነሥቶ ፌብሩዋሪ 1ን መድረሻ በማድረግ ነው፤ ፌብሩዋሪ 1 ግን የዚያ ክፋይ አይደለችም። ይህ ወደ አማርኛ «ከጃንዋሪ 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1» ተብሎ ይመለሳል። በእኛ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ «እስከ ሐምሌ 30 ቀን ድረስ ይከፈላል» ማለት ሐምሌ 30ን ይጨምራል። ስለዚህ መመሪያውን ያነበበ ጠንቃቃ ሠራተኛ ፌብሩዋሪ 1 በሁለት ክፋዮች የተደገመች መስሎት መድረሻውን ወደ ጃንዋሪ 31 «ያርመዋል»። ያን ጊዜ የጃንዋሪ 31 ረድፎች ቤት አልባ ይሆናሉ። አወቃቀሩን በእጁ ገንብቶ ረድፎቹን ብቻ ከቅጅው ሲጭን የጠፋው አንድ ቀን ብቻ አይሆንም፤ የአንድ ክፋይ ረድፎች የሚጫኑት በአንድ ትእዛዝ በመሆኑ ከመካከላቸው አንዱ ረድፍ ቢመለስ ወሩ በሙሉ ይመለሳል። ስለዚህ «ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ፌብሩዋሪ 1ን ሳይጨምር» ተብሎ ይጻፍ። ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ይርዘም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ለሚከፍሉትም ይኸው ይሠራል፤ የነሐሴ ክፋይ መድረሻ ጳጉሜን 1፣ የጳጉሜን ክፋይ መድረሻ መስከረም 1 ከሆነ፣ እንደ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ስድስተኛዋ ቀን ያለ ቤት አትቀርም።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት መልእክቶችን እንይ። ረድፍ ከክፋዩ ሲመለስ አገልጋዩ የሚናገረው ቃል በቃል ሲመለስ «አዲሱ ረድፍ የክፋዩን ገደብ ይጥሳል» የሚል ነው። ለአገልጋዩ ማንኛውም ሊገባ የመጣ ረድፍ አዲስ ነው። ለሠራተኛው ግን ከቅጅው የሚመጣው ሁሉ አሮጌ ነው፤ ስለዚህ «አዲስ» ሲባል ከቅጅው በኋላ የተመዘገበ ነገር ሊፈልግ ይሄዳል። «የሚጫነው ረድፍ» ቢባል ጭቅጭቁ ይቀራል።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ፒጂ-ሪስቶር የተባለው አቋቋሚ ፕሮግራም ስሕተት ሲያጋጥመው በልማዱ አይቆምም፤ ወደሚቀጥለው ይሻገርና በመጨረሻ የታለፉትን ስሕተቶች ቁጥር ይነግራል። ይህን «ችላ የተባሉ ስሕተቶች፦ 1» ብሎ መመለስ አማርኛውን አንባቢ ያዘናጋል። በቋንቋችን ችላ የሚባለው ችላ ሊባል የሚገባው ነው፤ አንድ ብቻ መሆኑ ደግሞ ያረጋጋል። ነገር ግን ያ አንድ ስሕተት የአንድ ሙሉ ክፋይ ረድፎች አለመግባት ሊሆን ይችላል። «ሳይፈጸሙ የታለፉ ትእዛዞች፦ 1» ብንል አንባቢው ምን እንደ ቀረ ለማየት ይነሣል።

የቃልና የሥራ መራራቅ ምን እንደሚያስከትል በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017፣ ማለትም ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. በጊትላብ ላይ የደረሰው ነው። ድርጅቱ ራሱ በይፋ ባወጣው ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ አንድ መሐንዲስ ሌላ አገልጋይ መስሎት የዋናውን ጎታ ማኅደር ሰረዘ። ቅጅ ሲፈለግ ግን በየቀኑ ይወሰድ የነበረው ይዘታዊ ቅጅ አልነበረም፤ የመገልበጫው ፕሮግራም እትም 9.2፣ የጎታው እትም 9.6 ሆኖ ስላልተጣጣሙ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል። ክሽፈቱን የሚያስታውቁት ኢሜይሎችም በተቀባዩ በኩል ተቀባይነት አጥተው ተመልሰዋል። በመጨረሻ የተገኘው ለሌላ ሥራ ሲባል ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት የተወሰደ የዲስክ ምስል ነበር። ይህ አጋጣሚ ከሰንጠረዥ ክፍፍል ጋር አይገናኝም፤ እዚህ የተነሣው «ቅጅ ይወሰዳል» እና «ቅጅ አለ» የተባሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአማርኛም በቀላሉ ስለሚቀያየሩ ነው። «ይወሰዳል» የሥራ መርሐ ግብር ነው፤ «አለ» የሚባለው ቅጅው በሌላ አገልጋይ ላይ ተቋቁሞ የየክፋዩ ረድፍ ከተቈጠረ በኋላ ነው። ለዚህ ተግባር «የማቋቋም ሙከራ» የሚል ስም ብናወጣለት በመመሪያዎች ውስጥ ራሱን የቻለ ርእስ ሊያገኝ ይችላል፤ ስም የሌለው ሥራ በዕቅድ ውስጥ አይገባምና።

የቀረው «ነባሪ» የሚለው ቃል ነው። በመስኮቶች ላይ ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ ለሚጸናው ሁሉ «ነባሪ» ይባላል፤ ቃሉ «ነበረ» ከሚለው ወጥቶ ባለበት የሚቀመጥ ማለት ስለሆነ ለቅንብር ይስማማል፤ ምንም እንኳ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ባሕር ውስጥ ያለውን ዓሣ ቢሆን። ማረፊያ ያጡትን ረድፎች የሚቀበለውን ክፋይ «ነባሪ ክፋይ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ረድፎች ሊኖሩበት ሳይሆን እስኪመደቡ ሊቆዩበት የመጡ ናቸው፤ እንዲያውም ለእነርሱ የሚገባ አዲስ ክፋይ ሊፈጠር ሲል ረድፎቹ በዚያው ካሉ ሥርዓቱ አዲሱን ክፋይ አልፈጥርም ይላል። መልሶ ማቋቋም ሲደረግም ወሰኑ የተሳሳተበት ወር በሙሉ፣ በእናቲቱ በኩል ከተጫነ፣ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ወደዚህ ክፋይ ሊገባ ይችላል። «የቀሪዎች ክፋይ» ቢባል በውስጡ ብዙ ረድፍ ያየ ሠራተኛ ስለ ምን ቀሩ ብሎ ይጠይቃል፤ «ነባሪ» ለተባለው ግን ጥያቄ አያነሣም።